ስክሪኑ ላይ የምትዞረዋ ክብ

ስማርት ቲቪ በመልኩ ቴሌቪዥን፣ በሆዱ ኮምፒውተር ነው። በየቤቱ የሚያዘው ግን እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ነው። ዩቲዩብ አልከፍት ሲል ወይም ኔትፍሊክስ ፊልሙ መሃል ላይ ቆሞ ክቧ ስትዞር፣ የመጀመሪያው እርምጃ ሪሞቱ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋትና ማብራት ይሆናል። ክቧ እንደገና ትዞራለች። አንዱ «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ ሌላው «ቲቪው ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። የማን ግምት ትክክል እንደሆነ ሳይጣራ ወይ ቴሌ ይደወላል፣ ወይ ቴሌቪዥን ሠሪ ይጠራል። ማጣራቱ ግን ቡና ከሚፈላበት ጊዜ ያነሰ ነው የሚወስደው።

ለማጣራት ቪዲዮው የሚመጣበትን መንገድ ማወቅ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል፤ ራውተሩ በፋይበር፣ በመዳብ መስመር ወይም በሲም ካርድ ወደ ቴሌኮም ድርጅቱ ያልፋል፤ ድርጅቱ ጥያቄውን ለዩቲዩብ ወይም ለኔትፍሊክስ ሰርቨር ያደርሳል። ሰርቨሩ ጠያቂው ማን እንደሆነና የማየት ፈቃድ እንዳለው አጣርቶ ነው ቪዲዮውን የሚለቀው። ቪዲዮውም አንድ ወጥ ሆኖ አይላክም። እያንዳንዱ ፊልም የጥቂት ሰከንድ ቁርጥራጭ ሆኖ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ከደብዛዛ እስከ ጥርት ያለ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ የመስመሩን ፍጥነት እየለካ ቀጣዩን ቁራጭ በየትኛው ጥራት እንደሚወስድ ራሱ ይመርጣል። ፊልም ሲጀምር ለጥቂት ሰከንድ ደብዝዞ ከዚያ የሚጠራው በዚህ ምክንያት እንጂ በብልሽት አይደለም።

ቁርጥራጮቹ ወዲያው አይታዩም፤ ቀድመው ተጠራቅመው ይቆያሉ። ነገሩ ጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ ነው። የመስመር ውኃ በፈረቃ ቢመጣ፣ ቢቀጥን፣ ለአፍታ ቢቋረጥም ሮቶው ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ቧንቧው ይፈስሳል። ክቧ መዞር የምትጀምረው ሮቶው ሲደርቅ ነው። በዚህ የተነሳ ፊልሙ በቆመበት ቅጽበት ያለው ሁኔታ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ መስመሩ መዳከም የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ ይህን በቁጥር የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው። ቪዲዮው እየታየ በሴቲንጉ ውስጥ «ስታትስ ፎር ኔርድስ» የሚለው ሲመረጥ የመስመሩ ፍጥነትና የተጠራቀመው ሰከንድ ጥግ ላይ ይወጣሉ። የተጠራቀመው ሰከንድ እያደር ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገዱ የት ላይ እንደተቆረጠ መለየት ነው። አንድ ስልክ ይወሰድና የሞባይል ዳታው ይዘጋል፤ ዋይፋዩ ብቻ ክፍት ሆኖ ያው ቪዲዮ ይሞከራል። ዳታውን መዝጋት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ስልኩ ዋይፋዩ ሲደክምበት በዳታ ይቀጥልና «ዋይፋዩስ ደህና ነው» የሚል የተሳሳተ ፍርድ ያሰጣል። በዋይፋይ ብቻ ስልኩም ካልከፈተ ነገሩ ከራውተሩ ወይም ከመስመሩ ነው። ስልኩ ከከፈተ ደግሞ በተቃራኒው ይሞከራል፤ የስልኩ ሆትስፖት ይበራና ቴሌቪዥኑ ለሁለት ደቂቃ በዚያ ይገናኛል። በሆትስፖት ከሠራ ቴሌቪዥኑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ቤቱ ውስጥ በራውተሩና በቴሌቪዥኑ መካከል ነው። በሆትስፖትም ካልሠራ ጥርጣሬው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ወደ አፑ ወይም ወደ አካውንቱ ይዞራል። ሙከራው እንዳለቀ ሆትስፖቱን ማጥፋት አይረሳም። ኔትፍሊክስ በኤችዲ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት፣ በፎር ኬ እስከ 7 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ ቴሌቪዥኑም ሶፍትዌሩን ሳይጠይቅ ማውረድ ሊጀምር ይችላል።

ሌላ አፕ መክፈትም ይረዳል። ዩቲዩብ እየሠራ ኔትፍሊክስ ብቻ እምቢ ካለ ዋይፋዩን መውቀስ አይቻልም።

አሁን ወደ ማጥፋትና ማብራት እንመለስ። ሪሞቱ ላይ ያለው ቀይ ቁልፍ ቴሌቪዥኑን አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል። ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነቅቶ ይጠብቃል፤ በፍጥነት እንዲበራ ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የተንጠለጠለው አፕ እንደተንጠለጠለ ያድራል፣ ጠዋትም እንደዚያው ሆኖ ይነሳል። እውነተኛው ማጥፋት ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀል ነው። ተነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ካልሟሸሸ ማስታወሻው አይጸዳም። በብዙ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ የሪሞቱን ማብሪያ ቁልፍ አርማው ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ድረስ ተጭኖ መያዝም ያንኑ ያደርጋል። እርምጃው ቀላል ስለሆነ ይናቃል፤ ቴሌቪዥን ግን ከስልክ ያነሰ ራም ይዞ ለሳምንታት ሳይጠፋ የሚውል ማሽን ነው። መጨናነቁ አያስገርምም።

ራውተሩም ተነቅሎ መመለስ አለበት፤ ቅደም ተከተሉም ይጠበቃል። መጀመሪያ ራውተሩ፣ መብራቶቹ ሁሉ ረግተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቴሌቪዥኑ። በፋይበር ለሚጠቀም ቤት መብራቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ፋይበሩ በሚገባበት ሳጥን ላይ «ኤልኦኤስ» የተባለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ የብርሃን ምልክቱ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው፤ ገመዱ ተበጥሷል፣ ታጥፏል ወይም ከሳጥኑ ላልቷል። ቀጭኑ የፋይበር ገመድ በቁም ሣጥን ጀርባ ተጣጥፎ ወይም በበር ተቆንጥጦ ከሆነ ምክንያቱ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ካልሆነ ቴሌቪዥኑን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ ወደ ቴሌ 994 ደውሎ መጠበቅ ብቻ ይቀራል።

ራውተሩ በርቶ፣ ስልክ አጠገቡ ሆኖ ሲሞከርም ሠርቶ፣ ቴሌቪዥኑ ብቻ የሚንቀራፈፍበት ጊዜ ከሁሉም የበዛው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ይገኛል። በብዙ ሳሎን ውስጥ ራውተሩ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ፣ ወይም ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ ተደብቆ ይገኛል። ዳንቴሉ የዋይፋይ ሞገድን አያግደውም፤ ሙቀቱን ያፍነዋል እንጂ። የቡፌው ጀርባ መስታወት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መስታወትን መስታወት የሚያደርገው ከኋላው የተቀባው የብረት ሽፋን ስለሆነ ሞገዱን ይመልሰዋል። ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። ሰርቪስ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ከዋናው ቤት አሥር እርምጃ ርቆ እንኳ ዋይፋይ ሊነጥፍበት ይችላል። በብረት ዘንግ የተሞላ የኮንክሪት ግድግዳ ከቆርቆሮ ቢሻልም እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ አያሳልፍም። በዚያ ላይ የቴሌቪዥኑ አንቴና የተቀበረው ከኋላው ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲሰቀል ስክሪኑ ወደ ሰው፣ አንቴናው ወደ ግድግዳው ይዞራል። ስልኩ በእጅ ሆኖ፣ ለትንሽ ስክሪኑም አነስተኛ ጥራት በቅቶት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ እንደልቡ ሲሠራ ቴሌቪዥኑ የሚቸገረው በዚህ ነው።

አብዛኛው ራውተር በሁለት ዓይነት ሞገድ ያሰራጫል፤ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ እና በ5 ጊጋ ኸርዝ። የመጀመሪያው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይበሳል፤ ግን ዘገምተኛና የተጨናነቀ ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ የዋይፋይ ዝርዝር ሲከፍት የጎረቤቱን፣ የላይኛውንና የታችኛውን ፎቅ ስም ሁሉ ያያል። እነዚያ ሁሉ በ2.4 ውስጥ እርስ በርስ የማይነካኩ ሦስት መስመሮችን፣ 1ን፣ 6ን እና 11ን ይሻማሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚሁ አካባቢ ስለሆነ ራት ሲሞቅ ፊልሙ ቢንተፋተፍ ተረት አይደለም። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ሁለት ግድግዳ ሲያልፍ ግን ይዝላል። ቴሌቪዥኑና ራውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ 5ቱን፣ ግድግዳ ካራራቃቸው 2.4ቱን መምረጥ ያዋጣል። ከሁለቱም የሚሻለው የኔትወርክ ኬብል ነው። የብዙ ቴሌቪዥኖች የኬብል መግቢያ የሚያሳልፈው በሴኮንድ እስከ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ቢሆንም ለፎር ኬ ፊልም ተርፎ ይበቃል፤ ዋናው ጥቅሙም አለመዋዠቁ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የተዘረጋ ሽቦ ለዓይን አያምርም፤ ማታ ማታ በሚንተፋተፍ ፊልም ከመናደድ ግን ይሻላል።

የፍጥነት ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያደናግረው የሜጋ ቢትና የሜጋ ባይት ልዩነት ነው። የኢንተርኔት ጥቅል የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ሲወርድ ስልኩ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው በሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት የገዛ ሰው 1.25 ሜጋ ባይት ሲያይ ተታለልሁ ማለት የለበትም። ኔትፍሊክስ የሚጠይቀው ለመደበኛ ኤችዲ 3፣ ለሙሉ ኤችዲ 5፣ ለፎር ኬ 15 ሜጋ ቢት ነው፤ ዩቲዩብ ለፎር ኬ እስከ 20 ይፈልጋል። እነዚህ ቁጥሮች ለአንድ ስክሪን ናቸው። ልጆች በሌላ ክፍል ጌም እያወረዱ፣ ስልኮች ፎቶ ወደ ደመና እየጫኑ ከሆነ ያው 10 ሜጋ ቢት ተከፋፍሎ ያልቃል። መለካት ያለበትም ቴሌቪዥኑ ላይ ነው እንጂ ስልኩ ላይ አይደለም። የቴሌቪዥኑ ብራውዘር ከከፈተ ኔትፍሊክስ ያዘጋጀው ፋስት ዶት ኮም ለዚህ ይሆናል። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዴ መለካት ይበጃል፤ ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ መስመሩ ላይ ነው። መስመሩ ደካማ መሆኑ ከታወቀ፣ ጥራቱን በእጅ ወደ 480 ወይም 720 አውርዶ ፊልሙን ሳይቆራረጥ ማየት ይቻላል፤ በማይችል መስመር ላይ 1080ን ማስገደድ ክቧን መጥራት ነው።

በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ለየት ብሎ የሚያጋጥም አንድ ብልሽት አለ፤ ምንጩ የቀን መቁጠሪያ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ቀናቸውን ይረሳሉ። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ካልተደረገ ደግሞ አንዱ የቤተሰብ አባል ሪሞቱን ይዞ ያስተካክለዋል። ሰኔ 15 ቀን 2017 ነው እንበል። ቀን 15፣ ወር 10፣ ዓመት 2017 ብሎ ይሞላል፤ ምሽት ሁለት ሰዓትን 2:00 ብሎ ይጽፋል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ግድግዳው ላይ ካለው ጋር ስለተስማማ ደስ ብሎት ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ ግን የተረዳው ኦክቶበር 15 ቀን 2017 ብሎ ነው፤ ትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ጁን 22 ቀን 2025 ስለሆነ ማሽኑ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ቀርቷል። ውጤቱ ግራ ያጋባል። ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ የዲሹ ጣቢያዎች ይሠራሉ፣ አፖቹ ግን አንድም አይከፈቱም። ምክንያቱ እያንዳንዱ ሰርቨር ማንነቱን የሚያረጋግጠው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በተጻፈበት ዲጂታል ሰርተፍኬት መሆኑ ነው። የዛሬ ሰርተፍኬቶች ዕድሜ በወራት የሚቆጠር፣ ቢበዛም ከዓመት ብዙ የማያልፍ ነው። በ2017 ላይ ቆሞ የሚያይ ቴሌቪዥን ገና ያልተሰጠ ሰርተፍኬት ቀረበልኝ ብሎ ሁሉንም ይመልሳቸዋል። የሰዓቷ ልዩነት ብቻዋን ይህን ያህል አትጎዳም፤ ዓመቱ ነው ጥፋቱ። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቀንና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል ማድረግና የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ማለት ነው።

መስመሩም ቀኑም ደህና ከሆኑ ተራው የአፑ ነው። አፑ ሲሠራ የሚያጠራቅመው ጊዜያዊ ፋይል፣ ካሽ የሚባለው፣ ሲበላሽ አፑ ይከፈትና አርማው ላይ ይቀራል። በአንድሮይድ ቴሌቪዥኖች ላይ ሴቲንግ ውስጥ ከአፖች ዝርዝር አፑን መርጦ በግድ መዝጋት፣ ካሹን ማጽዳት፣ ካልሆነም ዳታውን ማጽዳት ይቻላል። የመጨረሻው አካውንቱን ስለሚያስወጣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ቤት ሲኖር ይደረጋል። በሳምሰንግና በኤልጂ ላይ አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። አዲሱ አልጫን ካለ ማኅደሩ ሞልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ስምንት ጊጋ ባይት የተባለ ቴሌቪዥን ለአፕ የሚተርፈው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ልጆች የጫኗቸው፣ ማንም የማይከፍታቸው ጌሞች ቢወጡ ቦታ ይገኛል።

ኔትፍሊክስ ሲቆም የሚያወጣቸው ኮዶች ለብዙዎች እንቆቅልሽ ይመስላሉ፤ ሁለቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። «ኤንደብልዩ-2-5» ከመጣ ነገሩ የግንኙነት ነው፤ «ዩአይ-800-3» ከመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ የተቀመጠው መረጃ መታደስ አለበት ማለት ነው። ስክሪኑ እምቢ ብሎ ከአካውንቱ መውጣት ሲያቅት ደግሞ የተሸሸገች በር አለች። የሪሞቱ ቀስቶች በዚህ ቅደም ተከተል ይጫናሉ፦ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ላይ፣ ላይ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ከአካውንት መውጫውን የያዘ ገጽ ይከፈታል።

አንዳንድ «ብልሽት» የአካውንት ጉዳይ ነው። ኔትፍሊክስ በመደበኛ ጥቅል በሁለት፣ በፕሪሚየም በአራት ስክሪን በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈው ይከለከላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ የከፈተውን አካውንት አዲስ አበባ ላይ የሚጠቀም ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ሌላ መልእክት ሊያይ ይችላል፤ ኩባንያው በዚያ ዓመት አንድን አካውንት ከአንድ ቤት በላይ መጋራትን በብዙ አገሮች መገደብ ጀምሯል። ቴሌቪዥኑ የአካውንቱ ቤት አካል አይደለም የሚል ጽሑፍ ከወጣ የቴሌቪዥን ሠሪ እጅ አይፈታውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አፑ ካልከፈተ ቴሌቪዥኑ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ለአሥራ አምስት ዓመት ቢያበራም ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ያን ያህል አይቆይም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ዩቲዩብ የቀድሞውን የግንኙነት ሥርዓት ሲዘጋ በ2012 እና ከዚያ በፊት በተሠሩ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ የነበረው አፕ ቀረ። በዲሴምበር 2019 ደግሞ ኔትፍሊክስ በ2010 እና በ2011 በተሠሩ አንዳንድ የሳምሰንግ ሞዴሎች ላይ መሥራት አቆመ። ሌላው ዓይነት ገና አዲስ ሆኖ የሚቸገር ነው። በገበያ ላይ «አንድሮይድ» ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት መካከል የጎግል ማረጋገጫ የሌላቸው አሉ፤ በእነሱ ላይ የሚጫነው ኔትፍሊክስ ለስልክ የተሠራው ነው። ለጣት እንጂ ለሪሞት ስላልተሠራ ቀስቱ አይታዘዝም፤ የቅጂ መከላከያው ደረጃም ዝቅተኛ ስለሆነ ምስሉ ሁልጊዜ ደብዛዛ ነው። ካርቶኑ ላይ ፎር ኬ ተብሎ መጻፉ ይህን አይለውጠውም።

ፋክተሪ ሪሴት ሁሉንም አፕ፣ አካውንትና የተቃኘ ጣቢያ ጠራርጎ ቴሌቪዥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ስለሚያደርገው ከሁሉም በኋላ የሚሞከር ነው፤ በአረጀ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ አሮጌውን ሶፍትዌር መልሶ ከማምጣት በቀር የሚያደርገው የለም። ለእንዲህ ያለው ቴሌቪዥን የሚያዋጣው በኤችዲኤምአይ መግቢያው የሚሰካ ትንሽ ማጫወቻ ነው። ስክሪኑ ይቀጥላል፤ አእምሮው ብቻ ይታደሳል። ሲሰካ ኃይል የሚሰጠው ገመድ በቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ ሳይሆን ከራሱ ቻርጀር ጋር ግድግዳው ላይ ቢሰካ ይመረጣል። የተለመደው የቴሌቪዥን ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ ማጫወቻው ፊልም ሲከብደው ከዚያ በላይ ይፈልግና ኃይል ሲያጥረው መሃል ላይ ጠፍቶ ራሱን እንደገና ያስነሳል።